ቤት ስትከራዩ፣ ስትኖሩበትና ስትለቁ፦ ለአዳማ ተከራዮች የአሠራር መመሪያ

«አከራዬ በወሩ መጨረሻ ልቀቅ አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ከአዳማ በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። ጠያቂዎቹ ይለያያሉ። አንዷ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ትሠራለች። ሌላው ባጃጅ ይነዳል። ሌላው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር በቅርቡ የመጣ ነው። እኔም ለሁሉም አንድ ነገር መልሼ እጠይቃለሁ፦ «በእጃችሁ ምን ወረቀት አለ?» ብዙውን ጊዜ የማገኘው መልስ «ኧረ ተማምነን ነው የገባነው» የሚል ነው።

መተማመን መልካም ነው፤ ዳኛ ፊት ግን የሚነበበው ወረቀት ነው። «ልቀቅ» በተባላችሁበት ቀን ያላችሁ አቅም የሚወሰነው ቤቱ ውስጥ በገባችሁበት ሳምንት በያዛችሁት ማስረጃ ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ የጀመርኩት ቤት ፍለጋ ከምትወጡበት ቀን ነው። አሁን ችግር ላይ ያላችሁ ግን በቀጥታ ወደ ደረጃ 10 እለፉ። ቀሪውን ሲረጋጋ ታነቡታላችሁ።

በቅድሚያ፦ የትኛው ሕግ ነው የሚመለከታችሁ?

ሁለት ሕጎች አሉ። ሰው ሁለቱን ስለሚያደባልቅ ክርክሩ ይበላሽበታል።

አንደኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለ ቤት ኪራይ ለብቻው የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 2945 ይጀምራል። የኪራዩን መጠን በመሠረቱ ለተዋዋዮቹ ስምምነት ይተወዋል። ስለ ጥገና፣ ስለ ክፍያ መዘግየትና ስለ ውል መቋረጥ ግን ደንብ አስቀምጧል።

ሁለተኛው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ይህ አዋጅ ለተከራይ ብዙ ጥበቃ ይሰጣል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። የውል ዘመኑ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚያወጣው ጣሪያ ማለፍ የለበትም።

ልብ በሉ፤ አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ እና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። አዳማ ደግሞ የኦሮሚያ ከተማ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ወደ ከተማው አስተዳደር የቤቶች ጉዳይ ክፍል ሄዶ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ «አዋጁ በከተማችን ሥራ ላይ እንዲውል የወጣ ደንብ ወይም መመሪያ አለ?» እና «የኪራይ ውል የሚመዘገበው የትኛው መስኮት ነው?» ከተቻለ ማስታወቂያውን ፎቶ አንሱት። ቃል ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ፤ አከራዩ «ማን ነው እንዲህ ያለው?» ሲል የምታሳዩት ነገር ያስፈልጋችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእናንተ መታወቂያ (ፋይዳ ወይም የቀበሌ)፣ ዋናውና ኮፒው
- የአከራዩ መታወቂያ ኮፒ
- የቤቱ ካርታ ወይም ሌላ የባለቤትነት ማስረጃ ኮፒ
- አከራዩ ወኪል ከሆነ የውክልናው ኮፒ
- ሁለት ምስክሮች ከነመታወቂያቸው
- የመጨረሻው የመብራትና የውሃ ቢል
- የውሉ 3 ቅጂ (ለአከራይ፣ ለተከራይ፣ ለሚመዘግበው ክፍል)
- ካሜራ ያለው ስልክ
- ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ላይ የምታስቀምጡበት ክላሰር

ደረጃ 1፦ የሚያከራያችሁ ሰው ማን እንደሆነ አረጋግጡ

ካርታው ላይ ያለው ስምና መታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን አመሳክሩ። ይህን ሳትጨርሱ አንድም ብር አትክፈሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የማከራየት ሥልጣን ከሌለው ሰው ጋር የተፈረመ ውል እውነተኛው ባለቤት በመጣ ቀን ዋጋ ያጣል።

ባለቤቱ ውጭ አገር ወይም ሌላ ከተማ ሆኖ ዘመድ ወክሎ የሚያከራይ ከሆነ ውክልናውን አንብቡት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ከ3 ዓመት ያልበለጠ የኪራይ ውል መዋዋል ይችላል። ከዚያ ለሚረዝም ውል የተለየ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ባለቤቱ ካረፉና ልጆቻቸው ካከራዩ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ ጠይቁ። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑም ሁሉም ይፈርሙ፤ አለዚያም አንዱን ይወክሉ። ባለትዳሮች ሲሆኑ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ ነገ አንዱ «እኔ አላውቅም» እንዳይል።

የቀበሌ ቤት ከሆነ ቆም በሉ። ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ የሚያከራያችሁ ሰው ራሱ ተከራይ ነው። በምን ፈቃድ እንደሚያከራይ በጽሑፍ ካላሳየ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ደላላውንም አትርሱ። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና የሚከፍለው ማን እንደሆነ ቤት ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ኪራዩን ወይም ቀብዱን ግን በደላላ እጅ አትላኩ።

ደረጃ 2፦ ቀብድ ስትሰጡ ወረቀት ተቀበሉ

ቤት ወደዳችሁና «ሌላ ሰው እንዳይወስደው አስይዙ» ተባላችሁ እንበል። ይህ ገንዘብ ቀብድ ነው። ሕጉ ስለ ቀብድ የሚለው ለተከራይ በጣም የሚጠቅም ነገር አለ። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀባዩ ሲተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አከራዩ የእናንተን 5,000 ብር ይዞ፣ የተሻለ ዋጋ ለሰጠ ሰው ቤቱን ካከራየ 10,000 ብር መጠየቅ ትችላላችሁ ማለት ነው።

ይህ የሚሠራው ግን ቀብድ መሆኑ ሲታወቅ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦

«እኔ … በአዳማ ከተማ በ… ክፍለ ከተማ የቤት ቁጥር … የሆነውን ቤቴን ለ… በወር … ብር ለማከራየት ተስማምቼ ቀብድ … ብር ዛሬ … ቀን ተቀብያለሁ። ውሉን እስከ … ቀን እንፈራረማለን። ቀብዱ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ይታሰባል።»

ቀብድ፣ ቅድሚያ ክፍያና ማስያዣ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቅድሚያ ክፍያ ገና ያልኖራችሁበት ወር ኪራይ ነው። ማስያዣ ደግሞ ጉዳት ቢደርስ ወይም ቢል ቢቀር ተብሎ የሚቀመጥና ስትለቁ የሚመለስ ገንዘብ ነው። የሰጣችሁት የትኛውን እንደሆነ ካልተጻፈ በመጨረሻ አከራዩ የሚያዋጣውን ስም ይሰጠዋል።

ደረጃ 3፦ ቤቱን በቀን ብርሃን ፈትሹ

አዳማ ዙሪያዋን ኮረብታ የከበባት ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ይወርዳል። በበጋ የምታዩት ደረቅ ግቢ ሐምሌ ላይ ሌላ ነው። ስለዚህ የግድግዳውን የታች ክፍል ተመልከቱ። ውሃ የደረሰበት ምልክት፣ የተላጠ ቀለም ወይም ያበጠ የበር እግር ካለ ጎርፍ ገብቶ ያውቃል ማለት ነው። ጎረቤት ጠይቁ። ጎረቤት ከደላላ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሆነ በቀትር ገብታችሁ ጥቂት ቆዩበት። የአዳማን ሙቀት የምታውቁት ያኔ ነው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሮቶ መኖሩንና ከሮቶው የመጠቀም መብት እንዳላችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱን ማብሪያና ማጥፊያ ሞክሩ፤ ቧንቧውን ክፈቱ፤ የሽንት ቤቱን ውሃ ልቀቁ፤ የበሩን ቁልፍ አዙሩ።

ደረጃ 4፦ ውሉን ጻፉ

ከሁሉም ደረጃ በላይ ጊዜ ስጡት የምላችሁ ይህን ነው። ከጽሕፈት ቤት የሚገዛው አንድ ገጽ ቅጽ ብዙውን ጊዜ ስም፣ ዋጋና ፊርማ ብቻ ነው የያዘው። ጠብ የሚነሳባቸው ነገሮች ግን ከዚያ ውጭ ናቸው።

መሠረታዊው ክፍል ቀላል ነው። የሁለታችሁ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የቤቱ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር፣ የክፍሎቹ ብዛት፣ ውሉ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ኪራዩ በአኃዝም በፊደልም፣ የሚከፈልበት ቀንና የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይግባ። ቀጥሎ ያሉትን አራት አንቀጾች ግን በራሳችሁ እጅ አስገቡ።

ጭማሪን በተመለከተ፦ «ይህ ውል በጸናበት ዘመን የኪራዩ ዋጋ አይጨምርም። ውሉ ሲታደስ ጭማሪ የሚፈልግ ከሆነ አከራዩ ውሉ ከማለቁ 2 ወር በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል።» ይህ ከሌለ «ኑሮ ተወደደ» የሚለው ቃል በማንኛውም ወር ሊመጣባችሁ ይችላል። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ጣሪያው በተቆጣጣሪው አካል ይወሰናል። በማይሠራበት ከተማ ደግሞ መከላከያችሁ ይህ አንቀጽ ነው፤ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ስለሚቆጠር።

ማስያዣን በተመለከተ፦ «ተከራይ … ብር ማስያዣ ሰጥቷል። አከራይ ተከራዩ በለቀቀ በ… ቀን ውስጥ ይመልሳል። ከማስያዣው የሚቀነስ ነገር ካለ የጥገናውን ደረሰኝ ያቀርባል።» ቁልፉ ያለው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ደረሰኝ ካልተጠየቀ የተሰነጠቀ አንድ መስታወት ማስያዣውን በሙሉ ይበላዋል።

መብራትና ውሃን በተመለከተ፦ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ለምትከራዩ ይህ ትልቁ የጠብ ምንጭ ነው። ቆጣሪው አንድ ሆኖ ሦስት አባወራ ሲጠቀም ማንም ሌላውን አያምንም። የተሻለው መፍትሔ ለእናንተ ክፍል ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ካልተቻለ የአከፋፈሉን ስሌት ጻፉት፦ «ከወርሃዊው ቢል ሲሶውን ተከራይ ይከፍላል፤ ቢሉ በየወሩ ይታያል።» በተጨማሪ መብራት ወይም ውሃ መቁረጥን እንደ መቅጫ መጠቀም እንደማይቻል የሚል መስመር ጨምሩ።

ማስጠንቀቂያን በተመለከተ፦ «ውሉን ማደስ የማይፈልግ ወገን ከ2 ወር በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል።» ሁለት ወር ብዬ የጻፍኩት በአዳማ ቤት ለማግኘት፣ ገንዘብ ለማዘጋጀትና የልጅ ትምህርት ቤት ለማስተካከል አንድ ወር ስለማይበቃ ነው። ልጅ ያላችሁ ሰዎች ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ ብታደርጉት በትምህርት መሃል ከመሰደድ ትድናላችሁ።

ሲያልቅ ሁለታችሁም በየገጹ ፈርሙ፤ ሁለቱ ምስክሮችም ይፈርሙ። በጽሑፍ እንዲሆን የተፈለገ ውል በተዋዋዮቹ ፊርማና በሁለት ምስክር መደገፍ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይናገራል። ምስክሮቹ ከአከራዩ ዘመዶች ብቻ አይሁኑ። አንዱን እናንተ አምጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ለግብር ስል ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ፤ የቀረውን በእጅ ትሰጠኛለህ» የሚል አከራይ ያጋጥማችኋል። አትስማሙ። በእጅ የሰጣችሁትን ገንዘብ በኋላ ማስረዳት አትችሉም። ቅድሚያ የከፈላችሁትን ማስመለስ ብትፈልጉ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ዋጋ ነው። የኪራይ ገቢ ግብር የአከራዩ ግዴታ ነው፤ እናንተ ሐሰት የተጻፈበት ሰነድ ላይ ፊርማችሁን የምታኖሩበት ምክንያት የለም።

ደረጃ 5፦ በምታነቡት ቋንቋ ይሁን፤ ከዚያ አስመዝግቡ

የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። በአዳማ መሥሪያ ቤቶችና ፍርድ ቤት የምታቀርቡት ሰነድ በዚሁ ቋንቋ ቢሆን ሥራው ይፈጥናል። አፋን ኦሮሞ የማታነቡ ከሆነ ውሉን በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጁና ትርጉሙን ከአከራዩ ጋር ግንኙነት የሌለው ሰው አስነብቡት። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ውል ዋጋ አያጣም። ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ በችኮላ ማስተርጎም ይመጣል፤ በችኮላ የተተረጎመ ውል ደግሞ አንድ ቃል ሊለውጥባችሁ ይችላል።

ከዚያ ከቤቶች ጉዳይ ክፍል በነገሯችሁ መስኮት አስመዝግቡ። የተመዘገበ ውል «ፊርማው የእኔ አይደለም» የሚለውን ክርክር ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል።

ደረጃ 6፦ ቤቱን ስትረከቡ ፎቶና ቪዲዮ አንሱ

እቃ ከማስገባታችሁ በፊት ከበሩ ጀምራችሁ ክፍል በክፍል ቪዲዮ ቅረጹ። ስንጥቅ፣ የተሰበረ ሶኬት፣ የሚያፈስ ቧንቧ፣ የጠቆረ ግድግዳ ሁሉ ይታይ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ፎቶዎቹን በዚያው ቀን ለአከራዩ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ላኩና «ቤቱን ዛሬ በዚህ ሁኔታ ተረክቤአለሁ» ብላችሁ ጻፉ። መልእክቱ ቀን ይይዛል፤ ስትለቁ «ይህን የሰበርከው አንተ ነህ» ለሚለው ክስ መልስ ይሆናል።

ከአንድ ገጽ ርክክብ ጋር ቢሆን ደግሞ የበለጠ ነው፦ ስንት ቁልፍ፣ ስንት አምፖል፣ የቀደመ የቢል ዕዳ አለ ወይስ የለም። የቀደመው ተከራይ ያልከፈለው መብራት በእናንተ ላይ እንዳይመጣ የመጨረሻውን ቢል ከርክክቡ ጋር አያይዙት።

ደረጃ 7፦ ኪራዩን በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉ

ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ሁልጊዜ ወሩን ጻፉ፦ «የግንቦት 2017 ኪራይ»። ማስረጃውን ስክሪንሾት አድርጉና ከስልክ ውጭ ሌላ ቦታም አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል።

አከራይዋ «የኔ ልጅ፣ እኔ ባንክ አልሄድም፤ በእጄ ስጠኝ» የሚሉ እናት ከሆኑና አዋጁ በከተማችሁ የማይሠራ ከሆነ ማክበሩ ይገባል። በአንዲት ደብተር ላይ ቀን፣ ወርና መጠን ጽፋችሁ በየወሩ አስፈርሟቸው። ቅር እንዳይላቸው ለሁለቱም ወገን እንደሚጠቅም አስረዷቸው፤ እውነትም ነው።

ኪራይ ከዘገየባችሁስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አከራዩ ወዲያው ማባረር አይችልም። ውሉ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የ30 ቀን፣ ከዚያ ካነሰ የ15 ቀን ጊዜ ሰጥቶ፣ በዚያ ውስጥ ካልተከፈለ ውሉ እንደሚፈርስ ማስታወቅ አለበት። ይህ ጊዜ ለመክፈል የተሰጠ ነው። ለመጨቃጨቅ አታባክኑት። ከፊሉን እንኳ ቢሆን አስገቡና ቀሪውን መቼ እንደምትከፍሉ በጽሑፍ አሳውቁ።

ደረጃ 8፦ የሚበላሸውን ነገር ማን እንደሚጠግን ለዩ

በጥቅሉ በር፣ መስኮት፣ ወለል፣ ቧንቧና ሽንት ቤት ላይ የሚደርሱ ጥቃቅን ጥገናዎች የተከራዩ ናቸው። ጉዳቱ የመጣው በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ግን የአከራዩ ነው። ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ የተቃጠለ ዋና የኤሌክትሪክ መስመርም የአከራዩ ናቸው።

ጣሪያው ሲያፈስ ፎቶ አንስታችሁ በመልእክት አሳውቁ፤ ቀን ጠይቁ። «ራስህ አሠራውና ከኪራይ ቀንስ» ካለ ያንን ራሱን በጽሑፍ ያድርገው፤ መጠኑንም ጭምር። በቃል ተስማምታችሁ ከኪራዩ የቀነሳችሁት ገንዘብ በኋላ ያልተከፈለ ኪራይ ተብሎ ይመጣባችኋል።

ደረጃ 9፦ በውሉ መሃል ጭማሪ ሲጠየቅ

መጀመሪያ ውላችሁን አንብቡ። ዘመኑ ካላለቀና ጭማሪ የሚፈቅድ አንቀጽ ከሌለ የተስማማችሁበትን ዋጋ መክፈላችሁን ቀጥሉ። በአክብሮት መልሱ፦ «ጋሼ፣ ውላችን እስከ ሰኔ 30 ነው። እስከዚያ በተስማማነው ዋጋ እከፍላለሁ፤ ስናድስ እንነጋገራለን።» ይህንኑ በመልእክት ላኩት።

አደራ፣ የተጨመረውን ዋጋ «ለአሁኑ ሰላም ይሁን» ብላችሁ ለጥቂት ወራት ከፍላችሁ በኋላ ለመከራከር አትሞክሩ። መክፈላችሁ እንደ ስምምነት ይታይባችኋል። ወይ ተስማሙና አዲሱን ዋጋ ከአዲስ ዘመን ጋር በጽሑፍ አድርጉት፣ ወይ በቀድሞው ጽኑ። መስማማት ካዋጣችሁ ጭማሪውን በነፃ አትስጡ። በምትኩ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ጠይቁ።

ደረጃ 10፦ «ልቀቁ» ስትባሉ

ሀ) በዚያው ቀን አትውጡ፤ አትጣሉ። በንዴት «እሺ እወጣለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ።

ለ) ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል ከሆነ ራሳችሁ ጻፉላቸው፦ «ዛሬ … ቀን ቤቱን በ… ቀን እንድለቅ በቃል ነግረውኛል። ውላችን የሚያልቀው በ… ነው። ኪራይ እስከ … ወር ከፍያለሁ። እባክዎ ምክንያቱን በጽሑፍ ይግለጹልኝ።» ይህ መልእክት ማን መቼ ምን እንዳለ ይመዘግባል፤ በኋላ የሚነሳውን «እኔ አላልኩም» ያስቀራል።

ሐ) ቀኑን አመሳክሩ። የውሉ ዘመን ካላለቀና ግዴታችሁን ከተወጣችሁ ጸንታችሁ የመቆየት መብት አላችሁ። ውሉ አልቆ አከራዩ ሳይቃወም መኖር ከቀጠላችሁ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። ይህ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ላልተወሰነ ጊዜ የሆነ ውል በማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ የሚችል ነው። ዘመኑ ሲያልቅ አዲስ ውል መፈራረም የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መ) ኪራዩን አታቋርጡ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ሊያስወጣኝ ነው፤ ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ያን ጊዜ የሌለውን ምክንያት ለአከራዩ በእጁ ይሰጠዋል። አከራዩ አልቀበልም ካለ በሂሳቡ አስገቡ። ያም ካልሆነ ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል ማስቀመጥ ስለሚቻል የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

ሠ) ሽማግሌ ይግባ። አዳማ ላይ ብዙ የኪራይ ጠብ በሰፈር ሽማግሌ ያልቃል፤ ፈጣንም ነው። ሁለት ወር ተጨማሪ ጊዜ ወይም የማስያዣ መመለስ በዚህ መንገድ ይገኛል። የተስማማችሁትን ግን ሽማግሌዎቹ ፊት ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ።

ረ) ክስ ከመጣ ቅረቡ። መጥሪያ ደርሷችሁ ብትቀሩ ጉዳዩ እናንተ በሌላችሁበት ታይቶ ሊወሰን ይችላል። መጥሪያው ላይ ያለውን ቀን ተመልክታችሁ የጽሑፍ መልስ አዘጋጁ፤ ውሉን፣ የክፍያ ማስረጃውንና መልእክቶቹን አያይዙ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌላችሁ የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ነፃ የሕግ ምክር በመስጠት የሚታወቅ ማኅበር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አከራዩ ቁልፍ ቢቀይር፣ እቃችሁን ደጅ ቢያወጣ፣ መብራት ቢቆርጥ ወይም ሳያስፈቅዳችሁ ክፍላችሁ ቢገባ ቤቱ የእሱ መሆኑ አያድነውም። ተከራይን በግዴታ ማስወጣት በፍርድ ቤት ውሳኔና አፈጻጸም የሚደረግ ነገር ነው። የተከራያችሁት ክፍል መኖሪያችሁ ነው። የመኖሪያ ቤት አለመደፈር ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ መብት ነው፤ በወንጀል ሕጉም ሽፋን አለው። እንዲህ ከሆነ ፎቶ አንሱ፤ ጎረቤት ምስክር ያዙ፤ በዚያው ቀን ለፖሊስ አመልክቱ፤ ከዚያ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ የእግድ ትእዛዝ ጠይቁ። በሩን በራሳችሁ ሰብራችሁ አትግቡ፤ ተበዳይ ሆናችሁ ሳለ ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

ደረጃ 11፦ ስትለቁ

በውሉ መሠረት ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። የመጨረሻ ቀን ላይ ቤቱን አጽዱና በደረጃ 6 እንዳደረጋችሁት ቪዲዮ ቅረጹ። የቆጣሪ ቁጥር አንሱ፤ ቢሉን ዝጉ። ቁልፉን ለዘበኛ ወይም ለልጅ ጥላችሁ አትሂዱ። ለአከራዩ ሰጥታችሁ «ቤቱንና … ቁልፍ ተረክቤአለሁ፤ የኪራይና የቢል ዕዳ የለም» የሚል ወረቀት አስፈርሙ። ይህ ፊርማ ከሌለ ኪራዩ እየቆጠረ እንደሆነ ሊነገራችሁ ይችላል። ማስያዣው በዚያው ቀን ካልተመለሰ በወረቀቱ ላይ የሚመለስበት ቀን ይጻፍ።

የተለመዱ ስህተቶች

- አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የነገረውን ይዞ አዳማ ላይ መከራከር። የአዋጁን ተፈጻሚነት ሳታረጋግጡ «2 ዓመት አትነካኝም» ብትሉ አከራዩ ጠበቃ ጠይቆ ይመለስና ሌላው እውነተኛ ክርክራችሁም ይረክሳል።

- ውሉን አከራዩ ጋ ብቻ መተው። «ኮፒ አድርጌ እሰጥሃለሁ» የተባለ ውል ብዙ ጊዜ አይመጣም። ዋናው አንድ ቅጂ በእጃችሁ ሳይገባ እቃ አታስገቡ።

- የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በአንዴ መክፈል። ዋጋ ቢቀነስላችሁ እንኳ ጎርፍ ገብቶ መልቀቅ ቢያስፈልግ ገንዘቡን ማስመለስ ረጅም መንገድ ነው።

- ማስያዣውን «የመጨረሻው ወር ኪራይ ይሁንልኝ» ብሎ በራስ ፈቃድ ኪራይ መተው። በጽሑፍ ካልተስማማችሁ ያልተከፈለ ኪራይ ነው።

- ሳያስፈቅዱ ጓደኛ ማስገባት ወይም አንዱን ክፍል ለሌላ ማከራየት። ውሉ የሚከለክል ከሆነ ውል ለማፍረስ በቂ ምክንያት ይሆናል። አብራችሁ የምትኖሩ ጓደኛሞች ከሆናችሁ የሁላችሁም ስም ውሉ ላይ ይግባ፤ አለዚያ ስሙ ያለበት ሰው ሲለቅ የቀራችሁት ምንም ወረቀት አይኖራችሁም።

- መኖሪያ ብሎ ተከራይቶ ሱቅ መክፈት። በር ላይ ትንሽ ሱቅ ወይም የፀጉር ሥራ ለመጀመር ካሰባችሁ ከመጀመሪያው ንገሩና ውሉ ላይ አስገቡት።

- በሌላ ስልክ ቁጥር የመጣ «ሂሳብ ቀይሬአለሁ፤ በዚህ አስገባ» የሚል መልእክት አምኖ መክፈል። ደውሉና የአከራዩን ድምፅ ስሙ፤ ከዚያም አዲሱን የሂሳብ ቁጥር በፊርማ ከውሉ ጋር አያይዙት።